ሃይላንድ ውስጥ ያለው ሁሉ ውሃ አይደለም

ዋሂልን በመሰሉ የድሬዳዋ ገጠሮች ባዶ ሃይላንድ ዕቃ ነው፤ አይጣልም። ውሃ ይቀዳበታል፣ ላምባ ይያዝበታል። በችርቻሮ የተገዛ በረኪናም የሚገለበጠው እዚያው ውስጥ ነው። ከቆላው ፀሐይ ሮጦ የገባ ልጅ የሚያውቀው ጠርሙሱን ነው፤ ሽታው አፍንጫው ጋ ሳይደርስ አንዴ ተጎንጭቷል።

ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር። ዛሬ የማንኛውም ፕላስቲክ ጠርሙስ መጠሪያ ሆኗልና ዕቃው በስሙም ውሃ ነው።

ለቤት የተበጠበጠ በረኪና በጥቂቱ ከተዋጠ ብዙ ጊዜ አፍና ጉሮሮ አቃጥሎ ያልፋል። ያልተበረዘው፣ ኮስቲክ ሶዳውና የባትሪ አሲዱ ግን ሌላ ናቸው። ኮስቲክ ሶዳ የምግብ ቧንቧውን ሥጋ እያሟሟ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አሲድ ደግሞ ወርዶ ጨጓራ መውጫ ላይ ይከማቻል። ክፉው ነገር መዘግየቱ ነው፦ ልጁ ዳነ ተብሎ ቤተሰብ እፎይ ካለ ከሳምንታት በኋላ ጠባሳው መውጫውን ያጠብበውና የበላውን ሁሉ ይመልሳል።

ጎረቤት ደርሶ «አስታውኩት!» ይላል። እባካችሁ አታስታውኩት። ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣ ደግሞ ያቃጥላል፤ ወተት በብዛት መጋትም ያስታውካል። አፉን በውሃ አጥቦ፣ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ጉዳቱን በኢንዶስኮፒ ለማየት የሚመረጠው ጊዜ የመጀመሪያው አንድ ቀን ነው።

«እናቱ የት ነበረች?» የሚለውን ጥያቄ አልቀበለውም፤ መጠየቅ ያለበት ስለ ዕቃው ነው። በአሜሪካ ሐኪሙ ሼቫሊየር ጃክሰን ለዓመታት ተሟግቶ እ.ኤ.አ. በ1927 እንዲህ ያሉ ኬሚካሎች «መርዝ» የሚል ጽሑፍ እንዲለጠፍባቸው የሚያስገድድ ሕግ አስወጥቷል። እኛ ዘንድ ግን ጽሑፍ ቢለጠፍም የፋብሪካው ዕቃ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ሃይላንዱ አይሻገርም። ስለዚህ ቁጥጥሩ መድረስ ያለበት እስከ ቸርቻሪው ማንቆርቆሪያ ድረስ ነው፦ በውሃ ጠርሙስ በረኪና መሸጥ ይከልከል።

ጃክሰን በሕይወት ታሪኩ የሚያስታውሳት አንዲት የድሃ ልጅ አለች። ኮስቲክ ውጣ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ለቀናት ውሃ እንኳ አልወረደላትም። የዘጋውን በመሣሪያ አወጣላትና አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጧት። ይመለሳል ብላ እየፈራች ትንሽ ቀመሰች። ወረደ። ደገመች፤ አሁንም ወረደ። ከዚያ በነርሷ እጅ ያለውን ብርጭቆ ቀስ ብላ ገለል አድርጋ የሐኪሙን እጅ ሳመች።