ድምፁ አለ፣ ውሃው የለም

ደንበኛ ሁሉ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ «ፓምፑን ከስልኬ ላይ ማብራትና ማጥፋት እችላለሁ?» ይችላል። ኢኤስፒ32 ቦርድ፣ አንድ ሪሌ፣ አንድ ኮንታክተርና ኢንተርኔት ካለ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ዝዋይ ያለውን ሪሌ ማስነካት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የሚያደክመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ስለ እሱ የሚጠይቀኝ ደንበኛ ግን እምብዛም የለም።

ለዚህ ሥራ የምመርጠው ኤምኪውቲቲ የተባለውን የመልእክት ፕሮቶኮል ነው። እርሻ ላይ ያለው ሲም ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚገኝበት የራሱ የኢንተርኔት አድራሻ የለውም፤ የሞባይል ኔትወርክ ብዙ ደንበኞችን ከአንድ አድራሻ ጀርባ ያስቀምጣልና። ስለዚህ ስልኬ ቦርዱን በቀጥታ አያገኘውም። ቦርዱ ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ ብሮከር ከሚባለው አገልጋይ ጋር ይገናኝና መስመሩን ክፍት አድርጎ ይቆያል። እኔም ወደዚያው ብሮከር ገብቼ «እርሻ/ፓምፕ1/ትእዛዝ» በሚል ቶፒክ መልእክት እለቃለሁ፤ ያን ቶፒክ ለመስማት ለተመዘገበው ቦርድ ይደርሰዋል። ፕሮቶኮሉን እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት የአይቢኤሙ አንዲ ስታንፎርድ-ክላርክና በጊዜው አርኮም በተባለ ድርጅት ይሠራ የነበረው አርለን ኒፐር ናቸው። ዓላማቸው የነዳጅ ቧንቧ መስመርን በሳተላይት መከታተል ነበር። የሳተላይት መስመር ውድም ቀርፋፋም ስለነበር ባይት በባይት ቆጥበው ሠሩት፤ ትንሹ መልእክት 2 ባይት ብቻ ነው። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ ለሚያስቸግረው የእኛ እርሻ ታስቦ የተሠራ ይመስላል።

ዝዋይ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ የሽንኩርት እርሻ፣ ሌላ ሰው የተከለውን ሥራ እንዳየው ተጠርቼ ነበር። ባለቤቱ አዲስ አበባ ሆነው ስልካቸው ላይ አረንጓዴ «በርቷል» ያያሉ፤ ሽንኩርቱ ግን እየጠወለገ ነው። ለጥበቃው ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ፓምፑ ይሠራል?»

«ድምፁ አለ ልጄ፣ ውሃው የለም።»

የመምጠጫ ቧንቧው ጫፍ ላይ ያለው ፉት ቫልቭ በሐይቁ ሣር ተደፍኖ ሞተሩ በባዶ ይዞራል። «መካኒካል ሲል» የሚባለው የፓምፑ ማሸጊያ እንዲህ ሆኖ ብዙ አይቆይም። ያ አረንጓዴ ምልክት ከየት እንደሚመጣ ኮዱን ከፍቼ ሳይ፣ ስልኩ የላከውን ትእዛዝ ራሱኑ መልሶ ያሳያል። ባለቤቱ ለካ ያን ሁሉ ቀን ያዩት የነበረው የገዛ ጣታቸውን ነው።

ኤምኪውቲቲ ሦስት የአደራረስ ደረጃዎች አሉት፤ 0 ልኮ መርሳት፣ 1 ቢያንስ አንድ ጊዜ ማድረስ፣ 2 በትክክል አንድ ጊዜ ማድረስ። ብዙ ጀማሪ 2 ላይ ካደረገው የፓምፑ መነሣት የተረጋገጠ ይመስለዋል። ማረጋገጫው ግን ከላኪው እስከ ብሮከሩ፣ ከዚያም ከብሮከሩ እስከ ተቀባዩ ለየብቻው ነው። ለስልኬ «ደርሷል» የሚል መልስ ሲመጣ የደረሰው ብሮከሩ ዘንድ ነው። ቦርዱ ላይሰማ ይችላል። ቢሰማም ሪሌው ላይነካ፣ ሪሌው ቢነካም ኮንታክተሩ ላይስብ፣ ኮንታክተሩ ቢስብም ጥበቃው እንዳሉት ውሃ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ትእዛዝና ሁኔታን በሁለት ቶፒክ እለያቸዋለሁ። ሁኔታውን የሚጽፈው ቦርዱ ብቻ ነው፤ እሱም ከረንት ሴንሰሩንና መውጫ ቧንቧው ላይ የተገጠመውን የፍሰት ሴንሰር አንብቦ። ፍሰት እስኪታይ ድረስ ስልኩ ላይ «ተልኳል» እንጂ «በርቷል» አይልም።

ለትእዛዝ የምጠቀመው ደረጃ 1 ነው። መልእክቱ ሁለት ጊዜ ሊደርስ ስለሚችል «ካለበት ቀይር» የሚል ትእዛዝ አልጽፍም፤ ሁለቴ ከደረሰ በርቶ መልሶ ይጠፋል። «አብራ» ሁለቴ ቢደርስ ጉዳት የለውም።

እዚያው እርሻ ላይ ሌላም ጉድ አገኘሁ። የትእዛዙ መልእክት ሪቴይንድ ተደርጎ ነበር፤ ማለትም ብሮከሩ የመጨረሻውን መልእክት ይዞ እንደገና ለሚመዘገብ ሁሉ ወዲያው ይሰጣል። ለሁኔታ ይህ ጥሩ ነው፤ ስልኬን እንደከፈትኩ የመጨረሻውን ንባብ አያለሁ። ለትእዛዝ ግን አደገኛ ነው። ማክሰኞ «አብራ» ይባላል፤ መብራት ይሄዳል። ረቡዕ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መብራት ሲመጣ ቦርዱ ይነሣል፣ ይመዘገባል፣ የማክሰኞውን ትእዛዝ ይቀበላል፣ ፓምፑ ይነሣል። ማንም አላዘዘም።

ፕሮቶኮሉ ለመጥፋትም መላ አለው። ቦርዱ ሲገናኝ ኑዛዜ ያስቀምጣል፤ ሳይሰናበት ከጠፋ ብሮከሩ «ተቋርጧል» የሚለውን በስሙ ይለቅለታል። ጊዜ ግን ይፈጃል። ቦርዱ በየ60 ሰከንዱ አለሁ እንዲል ካደረግኩት፣ ብሮከሩ የሚጠብቀው የዚያን አንድ ተኩል እጥፍ፣ 90 ሰከንድ ነው። ያን ያህል ጊዜ ስልኬ የሌለውን ቦርድ አለ ይለኛል። ሰከንዱን ባሳጥረው ደግሞ ኔትወርኩ ለአፍታ ባነሰ ቁጥር ተቋርጧል እያለ ባለቤቱን ከእንቅልፋቸው ይቀሰቅሳቸዋል። ለፓምፕ 60 ይበቃኛል።

እንዲህ የሆነው ሁሉ «አብራ» የሚለውን ትእዛዝ ብቻውን መላክ አስተወኝ። አሁን የምልከው «ለ20 ደቂቃ አብራ» ነው። መስመሩ ደህና ከሆነ ስልኩ ወይም አገልጋዩ ያድሰዋል፤ ከተቋረጠ ቦርዱ ማንንም ሳይጠይቅ ያጠፋል። ፍሰት ካላየም ያጠፋል። አንድ ፌዝ ሲሄድ ሞተሩን የሚያድነው ፌዝ ፌይለር ሪሌ ደግሞ ከኮዱ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ በሽቦ ከኮንታክተሩ ጋር ይታሰራል። የሽንኩርቱ ባለቤት ቦርዱ በራሱ እንደሚያጠፋ ስነግራቸው ቅር አላቸው፤ «ታዲያ እኔ ባዘውም የራሱን ይሠራል ማለት ነው?» አሉ። «አዎ ጌታዬ፣ ውሃው ያለው እሱ ዘንድ ነው» አልኳቸው። ዝም ሲባል ማጥፋት ግን ለሁሉም አይሠራም። የዶሮ ቤት ማራገቢያ ትእዛዝ ሲቋረጥ ቢቆም በሙቀት ዶሮ ይጨርሳል፤ እዚያ መስመር ሲጠፋ መሥራቱን መቀጠል አለበት። ይህን የሚወስነው ፕሮቶኮሉ አይደለም፤ ዶሮ አርቢውን ቁጭ ብሎ መጠየቅ ነው።

የይለፍ ቃል ነገርማ አይነሣ። ለሙከራ በተከፈተ የሕዝብ ብሮከር ላይ እውነተኛ ፓምፕ ሰቅሎ የሚሄድ አለ፤ እዚያ ሁሉንም ቶፒክ ለመስማት «#» ብሎ የተመዘገበ ማንም ሰው ትእዛዙን ያነባል፣ ሲያሻውም ራሱ ያዛል።

ፓናሉ በር ላይ «በእጅ፣ ጠፍቷል፣ ራስ-ሰር» የሚል ማዞሪያ እገጥማለሁ። በእጅ ሲሆን ቦርዱ ያየውን ይዘግባል እንጂ አይነካም። ባለቤቱ ጥበቃው እንዳይነኩት ፓናሉ ተቆልፎ ቁልፉ አዲስ አበባ እንዲመጣ ፈልገው ነበር። ተከራክሬ ቁልፉን ጥበቃው ዘንድ አስቀረሁት።