ጠገራ ብር ከየት መጣ? ወዴትስ ሄደ?

ዛሬ ስለ ወርቅና ብር እናወጋለን። አንድ አገር ወርቅና ብር የሚኖራት ከመሬቷ ስለምትቆፍር ብቻ አይደለም። ከውጭ ጋር በምታደርገው ንግድ ታገኘዋለች፤ በዚያው ንግድም ያመልጣታል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በብዙ አያቶቻችን ሣጥን ውስጥ የነበረው ማርትሬዛ፣ ማለትም ጠገራ ብር ነው። የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና መሠራቱ ቀጥሏል። ታዲያ ያ ሁሉ ጠገራ ወደ አገራችን እንዴት ገባ? ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ እየተሸጠ ነው። የሚያሳዝነው፣ በባርነት የተሸጠውም ሰው ብዙ ነው። የሐረር ቡና በዘይላ በኩል ወደ ዓደን ይሻገራል፤ ጠገራውም በዚያው መንገድ ተመልሶ ይገባል። በዚህ የሩቅ ንግድ ላይ የጀበርቲ ነጋዴዎች ድርሻ ትልቅ ነበር። በሌላ በኩል ጨርቃ ጨርቅና ጠመንጃ ሲገዛ ጠገራው ይወጣል። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ ብር በአገር ውስጥ ይበዛል፤ ሲያንስ ደግሞ እጥረት ይሆንና ይወደዳል።

ሰዉ ጠገራውን እጅግ ያምነው ስለነበር አፄ ምኒልክ በፓሪስ ያሠሩት፣ 1887 ዓ.ም የተጻፈበት የራሳቸው ብር በቀላሉ ሊተካው አልቻለም። ኢጣሊያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1935 ለወረራዋ ስትዘጋጅ ማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ላይ አሠራችው።

ነገር ግን የብሩ ዋጋ በኛ እጅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1873 ጀርመን ገንዘቧን በወርቅ ላይ ስትመሠርት ሌሎችም ተከተሏት። አውሮጳ ለገንዘብነት የተወችው ብር ገበያውን አጥለቀለቀው፤ ዋጋውም ለብዙ ዓመታት ወረደ። በሣጥን የተቀመጠው ጠገራ ቁጥሩ አልጎደለም። የውጭው ሻጭ ግን ሂሳቡን በወርቅ ስለሚያሰላ ለዚያው ዕቃ ከበፊቱ የበለጠ ጠገራ ይጠይቃል።

ከገባው ብር ብዙው ደግሞ ከገበያ ይጠፋ ነበር። ገሚሱ ተቀብሯል፤ ገሚሱ በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ የአንገትና የእጅ ጌጥ ሆኗል። በ1937 ዓ.ም አዲሱ የወረቀት ገንዘብ ሲወጣ ጠገራው ከሕጋዊ ገንዘብነት እንዲወጣ ቢደረግም በየቤቱ የቀረው ጥቂት አይደለም።

እዚህ ላይ የዘካን ነገር ሳናነሳ አናልፍም። አንድ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ ነው። የብር ኒሷብ 200 ዲርሀም ሲሆን ብዙ ዑለማዎች 595 ግራም አድርገው ያሰሉታል። እንግዲህ 26 ጠገራ አስቀምጦ ዓመት የሞላበት ሰው፣ «ይህ የድሮ ዕቃ ነው» ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ብሩ ለሴት መዋቢያ ጌጥ ከሆነ ግን በመዝሀቦች መካከል ልዩነት ስላለ ዓሊም መጠየቅ ያሻል።

ወርቅን በተመለከተ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ወርቁ ከመሬታችን ይወጣል፤ ችግሩ እጃችን ላይ ማቆየቱ ነው። ብሔራዊ ባንክ ከባህላዊ አምራቾች ወርቅ የሚገዛው በይፋዊው ምንዛሪ በነበረበት ጊዜ የጥቁር ገበያው ዋጋ እጅግ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ብዙ ወርቅ በኮንትሮባንድ ድንበር ተሻገረ። ጠባቂ ቢበዛም ልዩነቱ ያን ያህል ሲሰፋ ወርቁ መውጫ ቀዳዳ አያጣም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ወደ ባንኩ የሚገባው ወርቅ በእጅጉ ጨመረ፤ የዓለም ዋጋ መናሩም አግዟል። ይሁን እንጂ ያው የምንዛሪ ለውጥ ከውጭ የምናስገባውን ዘይትና መድኃኒት አስወድዶታል፤ ይህንንም እያንዳንዱ ቤተሰብ በየገበያው አይቶታል።