ከንስሐ አባትነት እስከ ሁለተኛ ዲግሪ

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው የጎጃም ደጋ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን እንደ ወጉ የነፍስ አባት ይይዛል። የነፍስ አባት ኑዛዜ ይሰማል፣ ቀኖና ይሰጣል፣ ጸበል ረጭቶ ቤት ይባርካል፤ ባልና ሚስት ሲኳረፉ ያስታርቃል፣ ሐዘንተኛም ያጽናናል። ይህን የመሰለውን አገልግሎት ከሥነ ልቡና ዕውቀት ጋር አጣምሮ የሚያስተምረው ዘርፍ ፓስቶራል ካውንስሊንግ ወይም መንፈሳዊ የምክር አገልግሎት ይባላል፤ በተለያዩ አገሮችም በሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል።

ለዘርፉ መንገድ ከጠረጉት አንዱ አሜሪካዊው ቄስ አንቶን ቦይሰን ነው። ቦይሰን ራሱ በ1920 እ.ኤ.አ. አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ድኖ ከወጣ በኋላ በ1925 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ግዛት በሚገኘው የዉስተር የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ከሕሙማን ጋር እያዋለ ማሠልጠን ጀመረ።

ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይፈጃል። ነገረ መለኮት፣ የሰው ልጅ ዕድገት፣ የትዳርና የቤተሰብ ምክር፣ ሐዘን፣ ሱስና የሙያ ሥነ ምግባር ይካተቱበታል። ተማሪውን ይበልጥ የሚፈትነው ግን የተግባር ልምምዱ ነው። ሠልጣኙ ከባለጉዳይ ጋር የተነጋገረውን የሰውየውን ማንነት ሰውሮ ቃል በቃል ይጽፍና ለአሠልጣኙ ያቀርባል። ልጇ የሞተባት እናት «ምን በድዬ ነው?» ስትል ሠልጣኙ ወዲያው «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብሏት ከሆነ፣ አሠልጣኙ እዚያ ላይ ያቆመዋል። ቃሉ ከእምነቷ የወጣ አይደለም፤ ሳታለቅስና ሳትናገር ስለ ቀደማት ግን አፏን ይዘጋባታል። ሥልጠናው መጽናኛ ቃል መቼ እንደሚነገርም ያስተምራል።

ጎጃም የሊቃውንት አገር ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስና ዋሸራ በቅኔ ትምህርት ስማቸው የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በጉባኤ ቤት ያለፈ ዘመን ብቻውን በዩኒቨርሲቲ ምዝገባ እንደ መጀመሪያ ዲግሪ አይቆጠርም። ስለዚህ ወደዚህ ዘርፍ መግባት የሚፈልግ ካህን አስቀድሞ በነገረ መለኮት፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባው ቅድስት ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ወይም እንደ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ባለ ተቋም በሥነ ልቡና የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ ይኖርበታል። ሁለቱ ትምህርቶች በየፊናቸው በሚሰጡበት ቦታ ደግሞ ማጣመሩ በተማሪው ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ለካህን ተማሪ ከባዱ ጥያቄ የምስጢር ጉዳይ ነው። የኑዛዜ ምስጢር ለማንም አይወጣም። በሙያው ሥነ ምግባር ግን የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን አማካሪው ለሚመለከተው ማሳወቅ ሊኖርበት ይችላል። በዚህ ምክንያት ተማሪው ኑዛዜ መቀበሉንና የምክር ቀጠሮውን መለየት፣ የምስጢሩንም ወሰን ገና ከመጀመሪያው ለባለጉዳዩ መንገር ይማራል።

ተማሪው የሚማረው ሌላው ነገር ባለጉዳዩን ወደ ሐኪም መላክ ነው። ራሱን ሊያጠፋ ያሰበን ወይም ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማውን ሰው በጸሎትና በምክር ብቻ መያዝ አይበቃም። ጸሎትና ሕክምና አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ምእመናን ከጸበሉ ጋር መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ መክረዋል። የሠለጠነ መንፈሳዊ አማካሪም እንዲሁ በሽተኛውን ወደ ሐኪም ልኮ ጸሎቱንና ጥየቃውን አያቋርጥም። ተመራቂው በደብሩ፣ በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት ወይም በእርዳታ ድርጅት ሊያገለግል ይችላል፤ በየትኛውም ቦታ ግን ዲግሪው ክህነትን አይሰጥም፣ ክህነትም የአማካሪነትን ሥልጠና አይተካም።