መሠራታቸው የቀረ የኩባ ሲጋሮችና የሰብሳቢዎች መመርመሪያ

ሲጋር ማለት ከውስጥም ከውጭም በትምባሆ ቅጠል ብቻ የተጠቀለለ ማለት ነው፤ በወረቀት ከሚጠቀለለው ሲጃራ የሚለየውም በዚህ ነው። ከሲጋር ሁሉ ስመ ጥር የሆነው የኩባ ሲሆን፥ የተመረጠው ቅጠል የሚበቅለው በምዕራብ ኩባ፥ በፒናር ዴል ሪዮ ውስጥ ቩኤልታ አባሆ በሚባለው አገር ነው። እዚህ የምንመለከተው ግን መሠራቱ ስለ ቀረውና ሰዎች እንደ ጥንት ዕቃ ስለሚሰበስቡት ሲጋር ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሲጋሮቹ የቀሩበት ምክንያት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ፖለቲካ ነው። በመስከረም 1960 የፊደል ካስትሮ መንግሥት የሲጋር ፋብሪካዎችን ወረሰ። ከባለቤቶቹም ብዙዎቹ ወደ ውጭ አገር ተሰደዱ። በየካቲት 1962 ደግሞ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከኩባ ጋር የሚደረገውን ንግድ ከለከሉ። ስለዚህ ከዚህ ጊዜ በፊት የተሠራው ሲጋር ራሱን የቻለ ክፍል ሆኖ ይቈጠራል።

ሁለተኛው የንግድ ጠብ ነው። ዳቪዶፍ የተባለው የስዊስ የንግድ ስም ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሐቫና ይሠራ ነበር። በኋላ ግን ስለ ጥራት ጠብ ተነሣ፤ በ1989 ዚኖ ዳቪዶፍ ጥራት የላቸውም ያላቸውን ከ100,000 በላይ ሲጋሮች አቃጠለ። ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ዶሚኒካን ሪፑብሊክ ተዛወረ። እንግዲህ የኩባው ዳቪዶፍ ቊጥሩ የተወሰነ ነው፤ አንድ በተጨሰ ቊጥር አንድ ይጐድላል እንጂ የሚተካው የለም።

ዋጋው በዚህ ምክንያት ስለሚወደድ አስመሳዩም ይበዛል። ሰብሳቢው በመጀመሪያ የሚመረምረው የሳጥኑን ሥር ነው። ከ1960 በፊት ማኅተሙ በእንግሊዝኛ «ሜድ ኢን ሐቫና፥ ኩባ» ይል ነበር፤ ከ1961 ጀምሮ በእስፓንኛ «ኤቾ ኤን ኩባ» ሆነ፤ በ1989 «ቶታልሜንቴ አ ማኖ» ማለትም «ሙሉ በሙሉ በእጅ» የሚል ተጨመረበት። ስለዚህ በ1970ዎቹ ተሠራ የሚባል ሳጥን ይህ የመጨረሻው ቃል ካለበት ሐሰትነቱ ተገለጠ ማለት ነው።

ከ1985 ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ደግሞ ወሩና ዓመቱ በምስጢር ፊደል ይጻፍ ነበር። መፍቻው «ኒቬል አኩሶ» የሚሉት ሁለት የእስፓኝ ቃላት ናቸው። ዐሥሩ ፊደላት በተራቸው ከ1 እስከ 9 ያሉትን ቊጥሮች፥ የመጨረሻው ደግሞ 0ን ያመለክታሉ። ለምሳሌ «ኦ፥ አ፥ ኡ፥ ኡ» የሚለው 0688 ስለሚሆን፥ ሰኔ 1988 ተብሎ ይነበባል።

ነገር ግን ሳጥን የሚመሰክረው ለራሱ ብቻ ነው። እውነተኛው ሳጥን ባዶውን ሲቀር ሌላ ሲጋር ሊሞላበት ይችላል። ስለዚህ የሲጋሩ ቀለበት፥ ርዝመቱና ውፍረቱ፥ የቅጠሉም መልክ ከሳጥኑ ዘመን ጋር መተያየት አለበት። አያያዙም ይመረመራል፤ ሲጋር የሚቈየው ከመቶ 65 እስከ 70 በሆነ የአየር እርጥበት ነው። ከዚህ ቢያንስ ይደርቃል፥ ቢበዛ ይሻግታል፤ ሙቀት ከበዛበትም የትምባሆ ነቀዝ ይበሳዋል።

ከዚህ እንደምንረዳው የሰብሳቢው ሥራ ከታሪክ ተመራማሪ ሥራ እምብዛም አይርቅም፤ ሁለቱም አንዱን ማስረጃ በሌላው ሳይፈትኑ አያምኑም።