ስክሪኑን ያከበደው ጌጥ
አዲስ ኮምፒዩተር ከመግዛት በፊት ፕሮግራሙን መፈተሽ ያዋጣል

የቡና ዋጋ ሰው አይጠብቅም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሻጭና ገዢ በአዳራሽ ውስጥ በጩኸት ተደራድረው፣ መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው ይገበያዩ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ግብይቱ ወደ ኤሌክትሮኒክ ዘዴ ተሸጋገረ። ከዚያ ወዲህ የነጋዴው ፍጥነት በከፊል የስክሪኑ ፍጥነት ሆኗል።

ጉዳዩ ቦንጋ ላይ ይበልጥ ይሰማል። የከፋ ዞን መቀመጫ የሆነችው ከተማ የምርት ገበያው የቡና መረከቢያ መጋዘን ካለባቸው አንዷ ብትሆንም፣ ከአዲስ አበባ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የአቅራቢው የሂሳብና የክምችት ፕሮግራም ሲንቀራፈፍ፣ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ገንዘብም ቀንም ይበላል። ቶሎ የሚሰነዘረው ምክር «ማሽኑ አርጅቷል፣ ቀይረው» ነው። አንዳንዴ ግን ችግሩ ማሽኑ ሳይሆን ፕሮግራሙ የለበሰው ልብስ ነው።

ፕሮግራመሮች መስኮቱን፣ ቁልፉንና ሠንጠረዡን ከባዶ አይሠሩም። እንደ ጂቲኬና ኪዩት ካሉ ዝግጁ መሥሪያዎች ይወስዳሉ። ቀለሙ፣ የፊደሉ መጠንና ጥላው የሚወሰነው ሲኤስኤስን በመሰለ የደንብ ዝርዝር ነው። ኪዩት ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2006፣ ጂቲኬ ደግሞ በ2011 ይዘው መጡ። ውበት ረከሰ፤ ዋጋው ግን ተደበቀ።

ስሌቱ ቀላል ነው። 2,000 የርክክብ መዝገብ በ10 ዓምድ ሲዘረዘር 20,000 ሕዋስ ይሆናል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ሕዋስ ለብቻው ካቆመው፣ ለእያንዳንዱ የትኛው ደንብ እንደሚመለከተው ይፈትሻል። መሥሪያዎቹ አቋራጭ አላቸው፤ ነገር ግን የዋናው መስኮት አንድ ባሕርይ ሲቀየር በሥሩ ያሉት ሁሉ እንደገና ሊመረመሩ ይችላሉ። ጥላና ብዥታ ሲጨመርበት የድሮ ኮምፒዩተር ይንገዳገዳል።

መፍትሔው በአብዛኛው ከፕሮግራመሩ እጅ አይወጣም። በስክሪኑ ላይ የሚታዩት 30 ረድፎች ብቻ ቢሠሩ 20,000ው ወደ 300 ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጂቲኬ 4 ለረጅም ዝርዝር ይህን ዘዴ ያቀርባል። ደንቦቹን ማሳጠርና ጥላውን ማንሳትም ይረዳል።

ነጋዴው ራሱ የሚያደርገው ሙከራ አለ። ፕሮግራሙ የሚፈቅድ ከሆነ ጌጡን አጥፍቶ በተራው ገጽታ መክፈት፤ ቀጥሎም የአንድ ሳምንቱን መዝገብ ከዓመቱ መዝገብ ጋር ማወዳደር። ጌጡ ሲወልቅ ከፈጠነ ጥፋቱ የልብሱ ነው። ካልፈጠነ ሚሞሪው፣ ዲስኩ ወይም ኔትወርኩ ይታይ።

አዲስ ፕሮግራም የሚያሠራ ደግሞ የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቁ በፊት፣ በመሥሪያ ቤቱ እጅግ አሮጌ በሆነው ማሽን ላይ፣ የሙሉ ዓመት መዝገብ ጭኖ ያስፈትን። ቡና ናሙናው ሳይቀመስ አይገዛም፤ ሶፍትዌርም እንዲሁ።