መርፌውን ከመወጋትሽ በፊት ስለ ክኒኑ ንገሪ

እህቶቼ፣ ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ አንዳንዶቻችሁም ለመወፈር፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ለብዙ ሳምንታት ትውጣላችሁ። (በእሱ ፊት መሙላቱ ጤና አይደለም።) ከኩላሊታችን በላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ እጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ። ክኒኑ ሥራቸውን ሲሠራላቸው እነሱ ያንቀላፋሉ። በድንገት ካቆማችሁት ድካም፣ ማስመለስ፣ ራስ መሳት ይመጣል፤ ሊገድልም ይችላል። ሐኪም ነው ቀስ በቀስ የሚቀንሰው። ማዳም ክኒኑን ብትጥልባችሁ በዚያው ቀን ንገሯት፤ ነገ አይባልም።

እጢዎቹ መንቃታቸውን ለማወቅ ሐኪም ሲናክተን የሚባል መርፌ ሊያዝ ይችላል። ደም ይወሰዳል፣ 250 ማይክሮግራም ይወጋል፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ እንደገና ደም ይወሰዳል። ምርመራ ነው እንጂ የወሊድ መከላከያ አይደለም። አስም ወይም አለርጂ ያለብሽ ግን አስቀድመሽ ተናገሪ፤ አልፎ አልፎ ኃይለኛ አለርጂ ያስነሳል። ዐረብኛው ካቃተሽ የክኒኑን ካርቶን ይዘሽ ሂጂና አሳያቸው።