ምዕራፍ አራት፦ የጸደይ ተከላና የጓሮ ፍጥረታት

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ወቅት ሲከፍሉ ጸደይን ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ቀን ያደርጉታል። በአዲስ አበባና እርሷን በመሰሉ ደጋማ አገሮች፣ በሐጋይ ፀሐይ ተሰነጣጥቆ የሰነበተውን መሬት የበልግ ዝናም አለስልሶ ለዶማ የሚያመቻቸው በዚሁ ወራት በመሆኑ፣ ጥቂት ጓሮ ያለው ሰው ዋናውን ክረምት ሳይጠብቅ ጎመኑን፣ ድንቹን፣ ጤና አዳሙንና በሶብላውን ሊተክል ይችላል። የበልግ ዝናም ግን ዘንቦ እንደገና የሚጠፋ፣ ልብ የማይጣልበት ዝናም ስለ ሆነ፣ ችግኙ በተተከለበት ዕለት ሥሩን በደረቅ ሣር ጎዝጉዞ እርጥበቱን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ድንች ለጀማሪ ከሁሉ ይቀላል። ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሺምፐር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ወደ ሀገራችን እንዳስገባው የሚነገርለት ይህ ተክል፣ አጭርና ወፍራም ጉንቁል ካወጣ በኋላ፣ በመስመርና በመስመር መካከል 75፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ተሰጥቶት አንድ ጋት ያህል ቢቀበር ይበቃዋል።

የዚህ ምዕራፍ ዋና ነገር ግን ከተከላው በኋላ የሚመጣው ነው። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው፣ ዕፀዋት በሦስተኛው፣ አዕዋፍ በአምስተኛው ቀን ሲፈጠሩ ሰው የተፈጠረው በስድስተኛው ቀን ነውና፣ ማንኛውም ጓሮ፣ ባለቤቱ ዙሪያውን ቢያጥረውም እንኳ፣ ቀድመውት የመጡ ባለ ድርሻዎች አሉበት፤ ይህን ድርሻ የሚክድ አትክልተኛ የሚጎዳው ራሱን መሆኑም በአንዲት የጎመን ቅጠል ላይ ይታያል።

ቅጠሏን ገልብጦ የተመለከተ ሰው፣ ሰም መሳይ ነጭ ብናኝ የለበሱ፣ ግራጫ መልክ ያላቸው ክሽክሾች ጎን ለጎን ተጣብቀው ጭማቂዋን ሲመጡ ያገኛል። ክሽክሽ ያለ ወንድ፣ ዕንቁላልም ሳትጥል ልጆችዋን የምትወልድ፣ ልጆችዋም ሙቀቱ ሲስማማቸው በአንድ ሳምንት ገደማ ራሳቸው ለመውለድ የሚበቁ በመሆናቸው፣ ደረቅ ሰሞን ባጋጠመ ጊዜ መደቡን በሙሉ ታለብሰዋለች። ባለቤቱም ይደነግጥና ወደ ተባይ መድኃኒት ይሮጣል። ይሁን እንጂ ጥቂት ቀን ቢታገሥ ኖሮ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጢንዚዛ መጥታ በዚያው ቅጠል ሥር ቢጫ ዕንቁላሎችዋን ቀጥ አድርጋ ስታቆም፣ ከዕንቁላሎቹም ጠቆርና ረዘም ያሉ፣ ባለ ስድስት እግር ዕጮች ወጥተው ክሽክሾቹን አንድ በአንድ ሲበሉ ባየ ነበር። እነዚህን ዕጮች ብዙ ሰው በመልካቸው ፈርዶ፣ ተባይ መስለውት፣ በጣቱ ይጨፈልቃቸዋል፤ ይህም እጅግ የሚያሳዝን ስሕተት ነው።

ጢንዚዛዋ ከዕንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጅባታል። እንግዲህ መርዙ ሁለቱንም በአንድነት ያጠፋቸው እንደ ሆነ፣ ፈጥና የምትራባው ክሽክሽ ጠባቂ በሌለበት ጓሮ ቀድማ ትመለሳለች፤ ባለቤቱም ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ ለመርጨት ይገደዳል። ለቤት ጓሮ የሚበቃው መድኃኒት የተወረረውን ቅጠል ቀንጥሶ መጣል፣ የቀረውን በጣት አሽቶ በውሃ ማጠብ፣ ዕጮቹ ያሉበትን ቅጠል ግን ሳይነኩ መተው ነው።

አዕዋፍም ሥራ አላቸው። በደጋው የምትታወቀው፣ ስሟን በተከዜ ወንዝ ያገኘችው ማር መጣጭ ወፍ፣ ወንዱ በፀሐይ ብርሃን ሐምራዊ ሆኖ የሚያብረቀርቀው፣ በረጅምና ቆልመም ባለ መንቈሯ የአበባ ማር ስትመጥ ትውላለች፤ ጫጩቶችዋን ግን የምታሳድገው በነፍሳትና በሸረሪት ነው። ጎጆዋንም ሣር በሸረሪት ድር እያያዘች፣ ከቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥላ ትሠራዋለች፤ ስለዚህ በአጥሩ ጥግ ያለውን የሸረሪት ድር ሁሉ በመጥረጊያ ማጥፋት ይህችን ወፍ የቤት መሥሪያ መንሣት ይሆናል። ወፊቱን ወደ ግቢው ለመሳብ በአጥር ሥር ሬትና ራስ ክምር መትከል ይበቃል፤ ሁለቱም ብርቱካን መሳይ አበባቸው ቀጭን ቱቦ በመሆኑ ለመንቈሯ ይስማማታል።

ለንቦች ደግሞ፣ ከጎመኑ መካከል ሁለት ሦስቱን ሳይቀነጥሱ እንዲያብቡ መተው መልካም ነው። ቢጫው አበባ ጎልቶ በወጣበት ሰሞን ንቦች ከጠዋት ጀምሮ ይመላለሱበታል፤ አበባውም ዘር ሆኖ ቆቡ ሲደርቅ፣ ከፊሉ ለሚመጣው ዓመት ተከላ ይቀመጣል፣ የቀረውም ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል።